ሴት ልጅን ለ9ኛ ክፍል የት ማስገባት? ቅይጥና የሴቶች ብቻ የግል ትምህርት ቤቶች ከጎጃም ሆኖ ሲመዘኑ

ጎጃም ውስጥ ያሉት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት ወንድና ሴት አብረው የሚማሩባቸው ናቸው። ሴቶች ብቻ የሚማሩባቸው ዕውቅ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያሉት፤ የካቶሊኮቹ ናዝሬት ስኩል ስሙ ቀድሞ ይነሳል። ስለዚህ የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ወላጅ «ቅይጥ ይሻላል ወይስ የሴቶች ብቻ?» ሲል በተግባር የሚጠይቀው፣ ልጄ ማታ ማታ ቤቴ ትግባ ወይስ ዓባይን ተሻግራ ሰው ቤት ትደር ብሎ ነው።

ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ ከዚህ በታች ያሉትን መፈተሻዎች የሚያልፍ ቅይጥ ትምህርት ቤት በቅርብ ከተገኘ እሱ ይመረጣል። በቅርብ ያለው ካላለፈ፣ ልጅቷም ራሷ የሴቶችን ትምህርት ቤት ከፈለገች፣ አዲስ አበባም አስተማማኝ ማደሪያ ካላት፣ መላኩ ያዋጣል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል።

መለየቱ በራሱ ውጤት ያመጣል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ከ21 አገሮች የተሰበሰቡና 1.6 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን የሚሸፍኑ 184 ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። የተማሪዎቹ የቤተሰብ ሁኔታና የቀድሞ ውጤት ከግምት ሲገባ በሁለቱ ዓይነት ትምህርት ቤቶች መካከል የቀረው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። በሌላ በኩል ደቡብ ኮሪያ ሴኡል ውስጥ፣ ተማሪ በዕጣ በሚመደብበት፣ የሴቶች ብቻ ትምህርት ቤት የገቡ ልጃገረዶች በቋንቋ ፈተናና ኮሌጅ በመግባት በልጠው ተገኝተዋል። ትሪኒዳድና ቶቤጎ ላይ የተሠራው ለእኛ ወላጆች ይበልጥ ይጠቅማል፦ የተጠቀሙት የሴቶች ትምህርት ቤት አጥብቀው የፈለጉት ልጃገረዶች ሲሆኑ አብዛኛው ተማሪ ምንም የተለየ ውጤት አላገኘም፤ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎችም የሚወስዱት የሳይንስ ትምህርት እንዲያውም አነስ ብሎ ተገኝቷል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይያዝ። ልጅቷ ራሷ ምን ትፈልጋለች የሚለው የጨዋነት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ውጤት ይወስናል። አባት ወስኖ የላካትና ራሷ «እዚያ ልማር» ያለችው እኩል አይማሩም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዴት ይነበባል

በምዝገባ ሰሞን የትምህርት ቤት በር ሁሉ ባነር ይሰቀልበታል። ባነሩን ከማመን በፊት አገራዊውን ሁኔታ ማስታወስ ነው፤ በ12ኛ ክፍል ፈተና 50% እና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3%፣ በ2015 3.2%፣ በ2016 5.4%፣ በ2017 8.4% ናቸው። በ2014፣ በ2015 እና በ2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ነበሩ። በዚህ መሀል «100% አሳልፈናል» የሚለው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ከስንቱ ነው የሚለው ግን ባነሩ ላይ አይጻፍም።

ርእሰ መምህሩን አራት ቁጥር ይጠይቁ። ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል የተመዘገቡት ሴቶች ስንት ነበሩ? ከእነሱ 12ኛ የደረሱት ስንት ናቸው? ለፈተና የተቀመጡትስ? ከተቀመጡት ሴቶች ከ600 ውስጥ 300 ያመጡት ስንት ናቸው፣ ከነሱስ በተፈጥሮ ሳይንስ ስንት፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ስንት? ለምሳሌ 60 ሴቶች 9ኛ ገብተው 12ኛ ላይ 22 ቀርተው 20 ካለፉ፣ ትምህርት ቤቱ «ከ22ቱ 20» ይላል። ወላጅ የሚከፍለው ግን ከ60ዎቹ አንዷ ለምትሆን ልጅ ነው። የቀሩት 38 የት ሄዱ? በመፈናቀል ወይም በቤተሰብ ዝውውር የሄዱ ይኖራሉ፣ ባለፉት ዓመታት ክልሉ ውስጥ ይህ ብዙ ደርሷል። 10ኛ ላይ ውጤቷ ዝቅ ስላለ መሸኛ ተሰጥቷት የወጣች ካለች ግን ያ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሳይሆን የሚያበጥር ነው። ቁጥሩን በቃል ሳይሆን ከሮስተር ላይ እንዲያሳዩ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቅይጥ ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሴቶቹን ለይተው አይናገሩም። አጠቃላይ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ካለፉት ውስጥ ሴቶቹ ሁለት ሦስት ብቻ የሚሆኑበት አለ። በዚህ በኩል የሴቶች ትምህርት ቤት ግልጽ ብልጫ አለው፤ ያሳለፈው ሁሉ ሴት ስለሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። እዚያም ቢሆን የመግቢያ ፈተና አበጥሮ የተቀበለ ትምህርት ቤት ከጅምሩ ጎበዝ ይዞ እንደተነሳ አይረሳ።

ሌላው መመልከቻ የኢንስፔክሽን ደረጃ ነው። ከ1 እስከ 4 ይሰጣል፤ 3 እና 4 ስታንዳርዱን ያሟሉ፣ 1 እና 2 ያላሟሉ ናቸው። ደብዳቤው ቢሮ ውስጥ ይኖራል፤ ካላሳዩ የዞን ወይም የከተማ ትምህርት መምሪያ መጠየቅ ይቻላል።

መፀዳጃ ቤቱን ማየት

ወላጆች ብዙ ጊዜ የማያዩት፣ ሴት ልጅ ግን በየቀኑ የምታየው ይህ ነው። ጠዋት ላይ ሳይሆን በዕረፍት ሰዓት ይሂዱ፤ ጠዋት ሁሉም የተጠረገ ነው።

የሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይቶ የራሱ መግቢያ ያለው መሆን አለበት። አንድ ግድግዳ ተጋርተው በሩ ፊት ለፊት ከሆነ ልጆቹ አይገቡበትም። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መወርወሪያው ተነቅሎ በገመድ የሚታሰር ከሆነ አይቆጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለትምህርት ቤት ያስቀመጠው ለ25 ሴቶች አንድ መቀመጫ ነው፤ 200 ሴቶች ካሉ ስምንት ማለት ነው። ተቆልፈው የተቀመጡት አይቆጠሩም፤ «ለእንግዳ ነው» የሚባለውም እንዲሁ። ውኃውን ራስዎ ከፍተው ይዩ፤ ሮቶ ቆሞ ባዶ የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ውስጡ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ መኖሩን፣ ያገለገለ ሞዴስ የሚቃጠልበት ቦታ መኖሩንም ይጠይቁ። ልጅቷ ክፍል ውስጥ እያለች ቢመጣባት ሞዴስ የምታገኘው ከማን ነው? መልሱ «ከጸሐፊዋ» ወይም «ከነርሷ» ብሎ ሰው መጥቀስ አለበት። «የሴቶች ክበብ ያቀርባል» ካሉ ክበቡ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳቀረበ ይጠይቁ።

ይህ ሲጎድል የሚሆነው የታወቀ ነው። ልጆች ጠዋት ውኃ አይጠጡም፣ ሽንት ይይዛሉ፣ በወር አበባ ቀናት ይቀራሉ። በወር ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ በአሥር ወር ውስጥ 30 የትምህርት ቀን አጣች ማለት ነው፤ ሒሳብና ፊዚክስ ደግሞ ያመለጠውን ሳይዙ ወደሚቀጥለው የማይሻገሩባቸው ናቸው። የሴቶች ትምህርት ቤቶች በዚህ ነጥብ በተፈጥሯቸው ይበልጣሉ፤ ግቢው ሁሉ የነሱ ነው። ቢሆንም የዕረፍቱ ሰዓት ጉብኝት እዚያም አይቀርም።

ላቦራቶሪና ክፍል

ቅይጥ ትምህርት ቤት የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፤ የሚወድቀውም ማንም ክፉ ሳያስብ ነው። መሣሪያው ጥቂት ስለሆነ ስድስት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ይቆማል። ወንዱ ቢሬቱን (ፈሳሽ እየለካ የሚያንጠባጥበውን የመስታወት ቱቦ) ይይዛል፣ ሴቷ ጽሑፏ ስለሚያምር ትመዘግባለች። ዓመቱ ሲያልቅ እሷ የሚያምር ሪፖርት አላት፤ የቢሬት ቧንቧ ግን በእጇ ከፍታ አታውቅም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየሙከራው ኃላፊነት መቀያየር፣ ወይም ለሴቶች የራሳቸው ቡድን መስጠት። የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህሩን «ቡድን የምትከፍሉት እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። አስቦበት የሚያውቅ ወዲያው ይመልሳል። የላቦራቶሪ መገልገያ መዝገቡንም ያሳዩዎት፤ የመጨረሻው ቀን ካለፈው መንፈቅ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ቅይጥ መሆኑም የሴቶች ብቻ መሆኑም ለውጥ አያመጣም፣ መሣሪያውን ማንም አልነካውም።

ከተፈቀደልዎ 10ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ለ20 ደቂቃ ኋላ ተቀምጠው ይቁጠሩ። መምህሩ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ጠየቀ? ሰሌዳ ላይ የወጣው ማን ነው? ሴት ስትሳሳት ይጠብቃታል ወይስ ወዲያው ወደ ሌላ ይሻገራል? ክፍሉ ውስጥ ያሉት ስንት ናቸው? የሁለተኛ ደረጃ መለኪያው 40 ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍል መግባት ጨርሶ የማይፈቅድ ከሆነ ያም አንድ መልስ ነው።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ላይ ፈልጎ ማግኘት የሚገባው ቅዳሜ ቅዳሜ ለሴቶች ብቻ የሒሳብና የፊዚክስ ማጠናከሪያ የሚሰጥ ቅይጥ ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይሳቀቁ ይጠይቃሉ፣ በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ከወንዶቹ ጋር ይፎካከራሉ። የሁለቱንም ጥቅም በአንድ ክፍያ ያስገኛል፤ ለዚህ ተጨማሪ የሚያስከፍል ካለ መጠኑ ቀድሞ ይታወቅ።

የ12ኛ ፈተና ከፊሉ በኮምፒዩተር መሰጠት ስለጀመረ የኮምፒዩተር ክፍሉም ይታይ። የሚሠሩት ስንት ናቸው? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ብዙዎቹ ተማሪዎች ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው እዚያው እያደሩ ነው፤ ያለ ስልክ፣ ከማያውቋቸው ልጆች ጋር። አራት ዓመት በሴቶች ግቢ የቆየች ልጅ ይህን አስቀድማ ብትለማመደው ደግ ነው።

ቅሬታ ለማን ይቀርባል?

«የሴቶች ትምህርት ቤት» ማለት ወንድ የሌለበት ግቢ ማለት አይደለም። አገራችን ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ አብዛኛው መምህር ወንድ ነው፤ ዘበኛውና የሰርቪስ ሹፌሩም እንዲሁ። የክፍል ጓደኛ የሆነው ወንድ ልጅ ብቻ እንደ ሥጋት ሲቆጠር ትልቁ ሥጋት ይረሳል። ስለዚህ በሁለቱም ዓይነት ትምህርት ቤት ጥያቄው አንድ ነው፦ ልጄን መምህር ወይም ሠራተኛ ቢተናኮላት ለማን ትናገራለች? መልሱ በስም የሚጠራ ሰው፣ ቢቻል ሴት ዩኒት ሊደር ወይም አማካሪ መሆን አለበት። ለወላጅ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚነገር በመተዳደሪያ ደንቡ ተጽፎ ይገኝ እንደሆነም ይዩ። መምህር ቤቱ ወስዶ ቲቶሪያል እንዳያስጠና የሚከለክል ትምህርት ቤት አንድ ነጥብ ይጨመርለት። ሰርቪሱ ላይ ሴት ረዳት ካለች ሌላ አንድ ነጥብ።

ማደሪያ

ከአዴት፣ ከመራዊ፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ወደ ከተማ ልጁን የሚልክ ቤተሰብ ይህን ያውቀዋል፤ ቤት ይከራያል፣ ስንቅ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይልካል። ልጅቷን የሚጎዳት ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ያለው ወንድ ሳይሆን የኪራይ ቤቱና መንገዱ ነው። አከራዩዋ ሴት የሆነች፣ እዚያው ግቢ የምትኖር፤ በሩ ከውስጥና ከውጭ የሚቆለፍ፤ ከትምህርት ቤት በእግር ከ20 ደቂቃ የማይበልጥ፤ ከአገር ልጅ ሴት ጋር ለሁለት የምትጋራው ቤት ከተገኘ ጥሩ ነው። የቤት ኪራዩን ለልጅቷ ሰጥቶ ለአከራይ ክፈይ ከማለት ወላጁ በቀጥታ ቢከፍል ይመረጣል።

አዲስ አበባ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አዳሪ ስላልሆኑ ልጅቷ የምታድረው አክስት ወይም አጎት ቤት ነው። ዘመድ ደግ ነው፤ ያም ሆኖ መጠየቅ ያለበት ይጠየቅ። የራሷ አልጋ አላት? ማታ የምታጠናበት ጠረጴዛና መብራትስ? ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን ትሠራለች? እንጀራ መጋገሩ፣ ልብስ ማጠቡና ሕፃን መያዙ በእሷ ላይ ከወደቀ፣ ለሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈለው ገንዘብ ለቤት ሠራተኛ እንደተከፈለ ይቁጠሩት። ቤቱ ውስጥ ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንዶች አሉ? ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት ትቆማለች? ለመድረስና ለመመለስ በቀን ሦስት ሰዓት የምታጠፋ ልጅ በሳምንት 15 ሰዓት የጥናት ጊዜ አጥታለች።

ርቀቱም አለ። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባሕር ዳር ከ500 በላይ፤ ደጀንና ጎሃ ጽዮን መካከል የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ልጅቷ ብትታመም ወላጅ በማግሥቱ እደርሳለሁ ብሎ እንዳይተማመን። የሚልክ ቤተሰብ ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያና የኪስ ገንዘብ እዚያው ያስቀምጥ፤ ለትምህርት ቤቱ ፈራሚ የሚሆን ዘመድም በጽሑፍ ይወከል። በተቃራኒው ግጭቱ የአንዳንድ ወረዳዎችን ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ዘግቷል፤ ትምህርት ቤቱ ጨርሶ ለተዘጋበት ቤተሰብ ርቀቱ ሁለተኛ ጉዳይ ነው፣ አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ዳር፣ ክፍት የሆነው ይቀድማል።

እንግሊዝኛው

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆች ከኬጂ ጀምረው ለምደውታል፤ በአማርኛ ተምራ የመጣች ልጅ ከእነሱ ጋር በአንድ ክፍል ስትቀመጥ የመጀመሪያውን መንፈቅ ቋንቋ በመረዳት ታሳልፋለች። ከክፍሉ አንደኛ የነበረች ልጅ 25ኛ ስትወጣ ሞራሏ ይነካል፣ ወላጅም «አዲስ አበባ አበላሻት» ይላል። ሞኝነት አይደለም፣ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ለመላክ የወሰነ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የባዮሎጂና የሒሳብ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ያስነብባት፤ ከሰዋስው ትምህርት ይልቅ የትምህርቱ ቃላት ናቸው የሚያስፈልጓት።

ክፍት ቦታም እንደ ልብ አይገኝም። ስመ ጥር የሆኑት ከታች ክፍል ያሳደጓቸውን ይዘው ስለሚቀጥሉ ለ9ኛ ክፍል የሚቀበሉት ጥቂት ነው፣ ያውም በመግቢያ ፈተና።

ወጪና ወረቀት

የወር ክፍያን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። መመዝገቢያ፣ የአሥር ወር ክፍያ፣ የአሥር ወር ሰርቪስ፣ ሁለት ዩኒፎርም፣ መጽሐፍ ወይም የመጽሐፍ ማባዣ፣ ቲቶሪያል በአንድ ወረቀት ላይ ተደምረው ይታዩ። አዲስ አበባ ከሆነ የምግብና የማደሪያ፣ ቢያንስ ሦስት የደርሶ መልስ ጉዞ (ለመስከረም፣ ለመንፈቅ፣ ለክረምት) ይጨመር። ክፍያ ካለፉት ሁለት ዓመታት በስንት እንደጨመረ ይጠይቁ፤ አራት ዓመት የሚከፈል ስለሆነ ዘንድሮ የተነገረው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት አንዳንድ ዓመት ይዘገያል፤ አዲስ አበባ ያሉ ትምህርት ቤቶች ግን ከዚያ በፊት ምዝገባ ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ የ7ኛ ክፍልና የ8ኛ ክፍል መንፈቅ ዓመት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶ ግራፍ ይዞ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ መጠየቅ፣ ውጤቱንና መሸኛውን በኋላ ማምጣት ይቻል እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስሟ በእንግሊዝኛ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ይዩ፤ አንዷ ፊደል ስትለያይ ለ12ኛ ክፍል ምዝገባ ከመምሪያ መምሪያ ያመላልሳል።

ምርጫው ሳይስማማት ቢቀር መቀየሪያው ጊዜ 10ኛ ክፍል እንዳለቀ ነው። 11ኛ ላይ ተፈጥሮና ማኅበራዊ ሳይንስ ይለያል፤ ከዚያ በኋላ መቀየር አዲስ መምህር፣ አዲስ ጓደኛና ለፈተና የቀረ አጭር ጊዜ አንድ ላይ ይጭንባታል። 10ኛ ክፍል ሁለተኛው መንፈቅ ላይ፣ ግንቦት ሳይገባ፣ ልጅቷን ራሷን ጠይቆ ለመወሰን በቂ ጊዜ አለ።